ቧንቧው ይዙር እንጂ ጣውላው አይቆረጥ

በካልጋሪ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው የዶቨር ሰፈር፣ እንደ አብዛኛው የካናዳ መኖሪያ፣ ቤቶች የቆሙት በእንጨት አጽም ነው። በድንጋይና በብሎኬት ቤት ላደገ ኢትዮጵያዊ «የእንጨት ቤት» የሚለው ስም ድህነትንና ደካማነትን ያስታውሰው ይሆናል። ግምቱ ስሕተት ነው። ከዚህ የከፋው ስሕተት ግን እንጨት በቀላሉ ስለሚቆረጥ ብቻ እንደ ልብ ሊቆረጥ ይችላል ብሎ ማሰብ ነው።

ሸክም የያዘ አግዳሚ ሲጎብጥ የላይኛው ጠርዙ ይጨመቃል፤ የታችኛው ይለጠጣል፤ መካከሉ ግን ከሁለቱም ጫና የራቀ ነው። ብረት ያልገባበት ኮንክሪት መለጠጥን ስለማይችል ፈጥኖ ይሰነጠቃል። እንጨት በቁመቱ የተዘረጉ ቃጫዎች ስላሉት ሁለቱንም ጫና ይሸከማል። በአገር ቤት የባሕር ዛፍ አጣና በሠራተኛ ክብደት ጎብጦ ተመልሶ ቀጥ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

አቀማመጡም ወሳኝ ነው። 38 በ184 ሚሊ ሜትር የሆነ ጣውላ በጠባብ ጠርዙ ሲቆም፣ በጠፍጣፋው ከተኛው ይልቅ አምስት እጥፍ ገደማ ሸክም ይችላል፤ ላለመጉበጥ ያለው አቅም ደግሞ ከ23 እጥፍ ይበልጣል። የወለል ተሸካሚዎች ሁሉ በጠርዛቸው የሚቆሙት ስለዚህ ነው።

ይኸው ስሌት ቆራጩን ይቀጣል። ቤዝመንቱን ለዘመድ ወይም ለኪራይ የሚያዘጋጅ ሰው ቧንቧ ለማሳለፍ ከዚያ ጣውላ ቁመት ሩቡን ከሥር ቢቆርጥ፣ በተቆረጠበት ቦታ የሚጠፋው የመሸከም አቅም ሩብ ሳይሆን 44 በመቶ ያህል ነው። በዚያ ላይ የተቆረጠው የሚለጠጠው ወገን ስለሆነ ስንጥቅ ከዚያው ይጀምራል። የካናዳ ብሔራዊ የግንባታ ኮድ በወለል ተሸካሚ ላይ የሚበሳ ቀዳዳ ከጣውላው ቁመት ሩብ እንዳይበልጥ፣ ከጠርዞቹም ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

የግንባታ ፈቃድ ማውጣት ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው። «ከቆረጥነው ዓመት አለፈው፤ ምንም አልሆነም» የሚለው መከራከሪያ ግን አያስኬድም። እንጨት ለአጭር ጊዜ የሚችለውን ሸክም ለረጅም ዓመታት አይችልም፤ ቀስ በቀስ እየጎበጠ ይደክማል። ወለሉ ዛሬ ዝም ማለቱ ለነገ ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ መጋዙ ከመነሣቱ በፊት ባለሙያ ይጠየቅ፤ ፈቃዱም ይውጣ። ቧንቧ ዞሮ ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ ወለል ሥር የሚያድረው ቤተሰብ ግን ጣውላው መቼ እንደሚለቅ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።