ስለ ታጁራ ባሕርና ስለ ዳይ ጽድ

አባት ለልጆቹ የሚያወርሰው ርስትና ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ፍጥረትን አይቶ የሚያስተውል ዐይንም ነው። ስለዚህ የዕረፍት ቀን በተገኘ ጊዜ ልጆችን ይዞ አገር ማሳየት ታላቅ ትምህርት መሆኑን በዚህ ዓምድ ደጋግመን ተናግረናል። ዛሬም በጅቡቲ አገር ስላለችው ስለ ታጁራ ከተማ ጥቂት ለማስረዳት ወደድን።

ታጁራ በባሕረ ሰላጤው ሰሜን ዳርቻ የተቀመጠች፥ ቤቶቿ በኖራ የተለሰኑ ጥንታዊት ከተማ ናት። ወደ ሸዋ የሚወጡት የግመል ነጋዴዎች ጉዟቸውን የሚጀምሩት ከዚያ ስለ ነበረ ስሟ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። ፊቷ ባሕር፥ ጀርባዋ የጎዳ ተራራ ነው። ከከተማይቱ ወደ ምሥራቅ ጥቂት የሄደ ሰው ነጭ አሸዋ ያለበትን የባሕር ዳር ያገኛል፤ ውሃው ጥሩ ስለ ሆነ ቀለሙ ልዩ ልዩ የሆነው ዓሣ ሲመላለስ ይታያል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜም ከዓሣ ወገን ሁሉ የሚበልጠው ታላቁ ሻርክ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣል፤ ነገር ግን ምግቡ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ፍጥረት ስለ ሆነ ሰውን አይበላም።

ወደ ምዕራብ የአሳል ሐይቅ አለ። ይህ ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፥ በአፍሪካ ምድር ከሁሉ ዝቅተኛው ስፍራ ነው፤ ጨውነቱም ከባሕር ውሃ ዐሥር እጥፍ ያህል ይሆናል። በአቅራቢያውም የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ በ1971 ዓ.ም. ፈንድቶ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ይታያል። እኛ በሄድን ጊዜ ከልጆቻችን አንዱ ጫማውን አውልቆ በጨው ላይ ሲሮጥ እግሩን ቆረጠው፤ ቁስሉንም የጨው ውሃ ሲነካው እጅግ አቃጠለው። ጥፋቱ አስቀድመን ያልመከርነው የእኛ ነው። እንግዲህ ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው ጫማ እንዳያወልቁ ይጠንቀቅ፤ የሚጠጣም ውሃ አብዝቶ ይያዝ፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው በሐሩሩ ወራትም ባይሄድ ይሻላል።

ከዚህ ሐሩር ወጥተው ወደ ጎዳ ተራራ ሲወጡ አየሩ ይለወጣል። በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የዳይ ጫካ ይገኛል። እኛም ደገኞች ነንና የአገራችንን ጽድ በዚያ ባየን ጊዜ ደስ አለን፤ ቀርበን ብንመለከተው ግን የሚበዛው ቆሞ የደረቀ ነው። በዚህ ጫካና በማብላ ተራራ ካልሆነ በቀር በዓለም ሁሉ የማይገኝ አንድ ዓይነት ቆቅ አለ፤ ጫካው ካለቀ የእርሱም ነገር ያሠጋል።

ከልጆቻችን ታናሹ የደረቀውን ግንድ ይዞ፤ «አባባ፥ ይህ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለው ዛፍ አይደለምን? ስለ ምን ሞተ?» ሲል ጠየቀን። እኛም ከብቱ ችግኙን ይበላዋል፥ ሰው ለማገዶ ይቆርጠዋል፥ ድርቅም ተደጋግሞበታል ብለን መለስንለት። ልጁ ግን፤ «በእኛስ አገር?» ባለ ጊዜ የምንመልሰው አጣን።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጥያቄ ልጅህ ሳይጠይቅህ አስቀድመህ ተዘጋጅ። በሚመጣው ክረምት ከልጆችህ ጋራ በግቢህ ጽድ ትከል፤ መትከልም ብቻ አይበቃምና ፍየል እንዳይደርስበት አጥር አድርግለት።