ርቆ ስለሚሄድ ሰውና ስለ አቤት ባይ

ከአጅባር ደጋ በንጋት ተነሥቶ ወደ በሽሎ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ማለዳ ውርጭ ያንቀጠቅጠዋል፥ ቆላው ሲደርስ ደግሞ ሙቀትና ንዳድ ይቀበለዋል። በሽሎን ተከትሎ እስከ ዓባይ ቢዘልቅም ገደሉ፥ የውኃው ሙላትና አዞው አሉ። ስለዚህ በበረዶ ባሕር ገብተው ስለ ጠፉት አገር መርማሪዎች ሲነገር፥ የሳይንትና የቦረና ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኰንን ሰር ጆን ፍራንክሊን በ1837 ዓ.ም. ኤረበስና ቴረር በተባሉ ሁለት መርከቦች የሰሜኑን የባሕር መንገድ ሊፈልግ ሄደ። መርከቦቹ በበረዶ ተያዙ፤ እርሱን ጨምሮ 129 ሰዎች አለቁ። በ1846 ዓ.ም. ጆን ሬይ የተባለው ሐኪም፥ ሰዎቹ በረኃብ እንዳለቁና በመጨረሻም የሰው ሥጋ እስከ መብላት እንደ ደረሱ ከአገሩ ተወላጆች ከኢኑይት ሰምቶ ወደ ሎንዶን አስታወቀ። ታላላቆቹ ተቈጡ። ስመ ጥሩው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ሳይቀር የኢኑይት ቃል አይታመንም ብሎ ጻፈ። ኋላ ግን በተገኙት አጥንቶች ላይ የቢላዋ ምልክት ታየ፤ ቴረርም በ2008 ዓ.ም. ከባሕር ወለል የተገኘችው አንድ የኢኑይት ተወላጅ ቀድሞ ያየውን ምልክት ስለ ጠቈመ ነው። የተናቀው ምስክርነት እውነት ሆኖ እስኪገኝ ብዙ ትውልድ አለፈ ማለት ነው።

በእኛም አገር የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ከ1918 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ ተከትሎ ካርታ አነሣ። በ1960 ዓ.ም. መጨረሻ ጉዞ የጀመሩ የእንግሊዝ ወታደሮችም በጀልባ ሲወርዱ አንዱን ውኃ ወሰደው፥ ሽፍቶችም ተኰሱባቸው። ድካማቸውን እናከብራለን። ነገር ግን መሻገሪያው የት እንደ ሆነና ወንዙ በየትኛው ወር እንደሚሞላ፥ ካርታው ከመነሣቱ በፊት በዳሩ የሚኖረው ገበሬ ያውቅ ነበር፤ የጐደለው ጽሕፈት ብቻ ነው።

አቤት ባይም እንደ አገር መርማሪ፥ በሩቅ ያየውን ይዞ ወደ ሹሙ ደጅ የሚመጣ ሰው ነው። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ፥ በኦሪት ዘኍልቍ ይገኛሉ። በምዕራፍ 13 ሙሴ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ምድሪቱን እንዲያዩ ላከ፤ ሁሉም አንድ አገር አይተው ሳለ ዐሥሩ ፍርሃታቸውን አግዝፈው አወሩ። በምዕራፍ 27 ግን አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በድንኳኑ ደጃፍ ቆመው፥ አባታችን ወንድ ልጅ ሳይኖረው ሞተ፥ ስሙ ስለ ምን ይጠፋል ብለው ጉዳያቸውን በግልጥ ተናገሩ። ሙሴም ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፥ የርስቱም ሕግ ተሻሻለ። ለደጅ ጠባቂ ትቷቸው ቢሆን ኖሮ ያ ሕግ ባልተጻፈ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ በጸና ጊዜ አንድ ሺህ አምስት መቶ ያህል ገበሬዎች አቤት ሊሉ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሡ ፖሊስ መለሳቸው። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በአደባባይ አሳዩ፤ ይህም በጊዜው እንደ ድፍረት ተቈጠረ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ረኃቡን ለዓለም በፊልም ገለጠ፤ ያ ፊልም በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በአገራችን ቴሌቪዥን ታየ፥ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ገበሬዎቹ የተናገሩት ከውጭ አገር ሰው አፍ እስኪሰማ መጠበቅ ለምን አስፈለገ?

የዛሬውን ተቃዋሚም ሳንመረምር አናልፍም። በመስከረም 2006 ዓ.ም. የግሪንፒስ ሰዎች አርክቲክ ሰንራይዝ በተባለች መርከብ ሄደው፥ በሰሜን ዋልታ ባሕር ላይ ወዳለ የሩስያ ነዳጅ ማውጫ ሊወጡ ሞከሩ። ሠላሳ ሰዎች ታሰሩ፤ ከሁለት ወር በኋላ በዋስ፥ ቀጥሎም በምሕረት ተለቀቁ። ዓለም ግን ስለ መውጣቱና ስለ እስራቱ ሲያወራ ሰነበተ፥ ስለ ባሕሩና ስለ በረዶው ጥቂት ብቻ ሰማ፤ ማውጫውም በዚያው ታኅሣሥ ነዳጅ ማፍሰስ ጀመረ። ድፍረታቸውን አንነቅፍም። ነገር ግን ጩኸቱ ምስክርነቱን ሲሸፍነው፥ ሊሰማ የማይወድ ሹም ሰበብ ያገኛል።

ስለዚህ ከአጅባር በኩል፥ ውርጭ ገብሴን መታው የሚል ሰው አቤቱታ ይዞ ቢመጣ፥ የቀበሌውን ስም፥ ውርጩ የወረደበትን ቀንና የማሳውን ስፋት ይጻፍ፤ መጻፍ ባይችል የደብሩ ካህን ይጻፍለት። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ሳያስቀምጥ በፊት፥ ሹሙ አንድ ሰው አብሮት ይላክ፤ ያውም ከብት ማሳው ሳይለቀቅበት፥ የውርጩ ምልክት ሳይጠፋ፥ በዚያው ሳምንት።