የግቢው በር እምቢ ሲል



ቀደም ባለው ጊዜ የግቢ በር ሲባል ዘበኛው ወይም ከቤቱ ልጆች አንዱ ሮጦ የሚከፍተው፣ ከኋላው መወርወሪያ ያለው ብረት ነበር። ዛሬ ግን በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች በሪሞት ታዞ በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ የሚከፈት በር ያላቸው ግቢዎች ብዙ ናቸው። ነገሩ በውጭው ዓለም የቆየ ነው። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ማኒኒ በቦሎኛ አካባቢ የበር መክፈቻ ሞተር የሚሠራ ድርጅት ያቋቋመው በ1965 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬ ከአውሮፓም ሆነ ከቻይና የሚመጡት ሞተሮች በመልክ ቢለያዩም አሠራራቸው ይመሳሰላል።

ታዲያ አንድ ቀን ማለዳ ዘበኛው «ሐጂ፣ በሩ እምቢ አለ» ብሎ ይመጣል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሊሄዱ መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሪሞቱ ቢጫን ቢጫን መልስ የለም። ባለሙያ ይጠራል። እርሱም ሳጥኑን ከፍቶ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ይላል፤ ቦርዱም በብዙ ገንዘብ ይቀየራል። ጥቂት ቆይቶ በሩ እንደገና እምቢ ይላል። ምክንያቱ ምንድን ነው? የተቀየረው የተጎዳው ዕቃ ነው እንጂ ጉዳቱን ያመጣው ነገር በቦታው ነው። ሐኪም ትኩሳት ስላየ ብቻ መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ በርን የሚመረምር ሰውም «ምን ተበላሸ?» ከማለት አልፎ «ምን አበላሸው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የምርመራውን ቅደም ተከተል እነሆ።

በሩ ነው ወይስ ሞተሩ?

የመጀመሪያው ምርመራ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። በመጀመሪያ የበሩን መብራት ከብሬከሩ ላይ ያጥፉ። ቀጥሎም ከሞተሩ ጋር በተሰጠዎት ቁልፍ ሞተሩን ከበሩ ያላቁ፤ ሁሉም ሞተር ማለት ይቻላል ለዚህ የተዘጋጀ መፍቻ አለው። ከዚያ በሩን በእጅዎ ቀስ ብለው ይግፉት። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን የሐዲዱ ጫፍና ጫፍ ላይ በሩን የሚያስቆም ጠንካራ ብረት መኖሩን ያረጋግጡ። ማስቆሚያ የሌለው በር ከሐዲዱ ወጥቶ በሰው ላይ ሊወድቅ ይችላልና። መሬቱ ተዳፋት ከሆነም በሩ በራሱ እንዳይንደረደር ሌላ ሰው ይያዘው።

በሩ ደህና ከሆነ አንድ ሰው ያለ ብዙ ድካም ይገፋዋል። ከከበደ፣ ከተንቀጫቀጨ ወይም አንድ ቦታ ላይ ከያዘ ግን ጥፋቱ የበሩ ነው። በሐዲዱ ውስጥ ጠጠርና ጭቃ ገብቶ እንደሆነ፣ የመንኮራኩሩ ኩሽኔታ አልቆ እንደሆነ፣ ወይም መኪና ገጭቶት በሩ ተጣሞ እንደሆነ ይመልከቱ። በበሩ ላይ የተበየደው ወይም በብሎን የታሰረው ጥርሳም ብረትም ይታይ። በዚህ ጥርስና በሞተሩ ማርሽ መካከል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። መንኮራኩሮቹ ሲያልቁ በሩ ዝቅ ይላል፤ ክፍተቱም ይጠፋና የበሩ ክብደት በሙሉ በሞተሩ ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለው በር አዲስ ሞተር ቢገዛለትም መልሶ ይገድለዋል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ብረት ሠሪ እንጂ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለም።

ድምፁን ማዳመጥ

በሩ በእጅ ሲገፋ ቀላል ከሆነ ወደ ሞተሩ እንመለስ። ሞተሩን መልሰው ካያያዙና መብራቱን ካበሩ በኋላ ትእዛዝ ሲሰጡት የሚያሳየውን ጠባይ ያስተውሉ።

ፍጹም ዝም ካለ፦ ኃይል መድረሱን እንመርምር። ብሬከሩ ወድቆ ይሆን? ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፊውዝ ተቃጥሎ ይሆን? በቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ይበራሉ? እነርሱ ከበሩና በሩ በግድግዳው ቁልፍ የሚከፈት ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ሪሞቱ ወይም ተቀባዩ ጋ ነው። ብዙ ጊዜም የሪሞቱን ባትሪ መቀየር ብቻ ይበቃል። በሁለተኛ ሪሞት መሞከር ሁለቱን ለመለየት ይረዳል።

«እምምም» እያለ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፦ በ220 ቮልት በቀጥታ በሚሠራ ሞተር ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካፓሲተሩ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ከቆመበት ለመነሣት የሚረዳውን ግፊት የሚያገኘው ከካፓሲተሩ ነው። ካፓሲተሩ ሲዳከም ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። አብጦ ወይም ፈሳሽ አፍስሶ ከታየ ማለቁን ያመለክታል። ሲቀየርም የማይክሮፋራዱ መጠን ተመሳሳይ፣ ቮልቱም ከቀድሞው ያላነሰ መሆን አለበት። መብራት ከጠፋም በኋላ ካፓሲተር ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ባዶ እጅ አይንካው፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ብዙ ጊዜ ከተከፈተና ከተዘጋ በኋላ ከቆመ፦ ሞተሩ ሞቆ ራሱን አጥፍቶ ይሆናል። ሠርግ ወይም ለቅሶ ባለበት ቤት መኪና ሲመላለስ ይህ ይደርሳል። እስኪበርድ ይታገሡት።

ተከፍቶ አልዘጋም ካለ፦ በበሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ፎቶሴሎች ይመልከቱ። እነዚህ በመካከላቸው በዓይን የማይታይ ጨረር ይተላለፋል፤ ሰው ወይም መኪና ጨረሩን ሲያቋርጥ በሩ እንዳይዘጋ ያደርጋሉ። አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ ያደገ ቅጠል፣ ተገጭቶ የዞረ ሳጥን፣ አልፎ አልፎም በቀጥታ የሚያርፍባቸው የጧት ወይም የማታ ፀሐይ ያሳስታቸዋል። በለስላሳ ጨርቅ መጥረግና ፊት ለፊት እንዲተያዩ ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበቃል።

መድረሻውን አልፎ ከተጋጨ ወይም ሳይደርስ ከቆመ ደግሞ የበሩን መጨረሻ ለሞተሩ የሚነግረው ማግኔት ወይም የብረት ምላስ ከቦታው ተንቀሳቅሶ ይሆናል።

ጉዳቱን ያመጣው ምንድን ነው?

ቦርዱ በእርግጥ ተጎድቶ ከተገኘ ገና አዲስ ከመገዛቱ በፊት አሮጌውን በደንብ እንየው። የጉዳቱ ምልክት የጉዳቱን ምክንያት ይናገራል።

ጥቁር ቃጠሎ፣ የተሰነጠቀ ዕቃና የቃጠሎ ሽታ ካለ በክረምት መብረቅ ወይም ጠፍቶ የተመለሰ መብራት ያመጣው የኃይል ግፊት ይጠረጠራል። በብዙ ቦርዶች ላይ ግፊቱን የሚቀበል ቫሪስተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ እርሱ ተሰንጥቆ ፊውዙ ብቻ ተቃጥሎ ከሆነ ቦርዱ በጠቅላላ ሳይጣል ሊጠገን ይችላል። ለወደፊቱ ግን የግፊት መከላከያና በትክክል ወደ መሬት የወረደ የኧርዝ ሽቦ ያስፈልጋል።

አረንጓዴ ዝገት ከታየ ውኃ ወይም እርጥበት ገብቷል። ሞተሩ የቆመበት ኮንክሪት ከመሬት ከፍ ብሎ እንደሆነ፣ የሳጥኑ ጎማ ተሰንጥቆ እንደሆነ ይታይ። ጉንዳን፣ የሸረሪት ድር ወይም የሞተ እንሽላሊት ከተገኘ ደግሞ የገቡበት ሽቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። ሙቀት ይስባቸውና በቦርዱ ላይ ሲመላለሱ ሁለት ነጥቦችን አገናኝተው ያቃጥሉታል። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ቦርድ መቀየር ገንዘብን መበተን ነው።

ጥገና የሚመስል ጥፋት

ውድ አንባቢያን፣ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ነገር ይህ ነው። በሩ አልዘጋም ሲል ፎቶሴሉን ከመመርመር ይልቅ ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ «ይኸው ሠራ» ማለት ቀላል ነው። በሩ ሲከብድም መንኮራኩሩን ከመቀየር ይልቅ የሞተሩን ጉልበት ከፍ ማድረግ ቀላል ነው። ፊውዙ ሲቃጠል በሽቦ መጠምጠምም እንዲሁ። ሦስቱም በሩን ያስከፍታሉ፤ ሦስቱም ግን ጠባቂውን ያስወግዳሉ። በሽቦ የተጠመጠመ ፊውዝ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ዓይኑ የታወረና ጉልበቱ የጨመረ በርም ከፊቱ ያለውን ልጅ ከባዶ አየር አይለይም።

ይህ በግምት የሚነገር አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ፣ በማንቸስተርና በብሪጀንድ ከተሞች፣ የ6 እና የ5 ዓመት ሁለት ሴት ልጆች አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በተንቀሳቃሽ በሮች ተጨፍልቀው ሞተዋል። የብሪጀንዱን አደጋ የመረመሩት ባለሥልጣኖች የበሩ የመዝጋት ኃይል ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ አግኝተውታል። በአውሮፓ መለኪያ በሩ መዝጊያው ጋ ከአንድ ነገር ጋር ሲገናኝ የሚያሳርፈው ግፊት ከ400 ኒውተን እንዳይበልጥ፣ እርሱም ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ እንዲቀንስ ታዟል። ይህም በግምት የ40 ኪሎ ሸክም ያህል ነው።

ስለዚህ ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ ሂሳብ ሲጠይቅ ከመክፈላችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቀው። በሩ እየዘጋ ሳለ በረጅም እንጨት ጨረሩን ያቋርጥልን። በሩ ካልቆመ ወይም ካልተመለሰ፣ ቢከፈትና ቢዘጋም አልተጠገነም። ይህን ፈተና በየወሩ ራሳችን ብንደግመው ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። በሩ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ልጆች እንዳይጋልቡት፣ ሪሞቱም መጫወቻ እንዳይሆን መንገር የወላጆች ፈንታ ነው። ልጆቻችን በእጃችን ያሉ አማናዎች ናቸው፤ የጎረቤትም ልጅ እንዲሁ፣ በደጃፋችን የሚያልፈው መንገደኛም እንዲሁ።

በመጨረሻም የበሩ መፍቻ ቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቀው የቤቱ አባወራ ብቻ መሆን የለበትም። በሌሊት መብራት በጠፋበት ሰዓት ምጥ የያዛት እናት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ቢኖርባት ወይም እሳት ቢነሣ፣ ቁልፉ ከተማ ወጥቶ በሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ከሆነ ያ ውድ በር የእስር ቤት በር ይሆናል። ቁልፉን የታወቀ ቦታ ያኑሩ፤ እመቤቲቱም፣ ዘበኛውም፣ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱ ልጆችም በሩን በእጅ መክፈትን አንድ ጊዜ በተግባር ይለማመዱ።

እስከሚቀጥለው ወር አላህ ቤታችሁን በሰላም ይጠብቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።