ልጁን አሳልፎ የሚሰጥ አባት ጀግና አይደለም

"ልጅህ እንደዛ ነው ሲባል ሰምተህ ዝም ካልክ አንተም ያው ነህ" እያላችሁ በየኮሜንቱ ሥር የምትጽፉ ሰዎች፣ ዛሬ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከመካከላችሁ ያስተማርኳችሁም አላችሁና ደህና አድርጋችሁ አንብቡኝ።

አንድ አባት አውቃለሁ። ደሴ ይሁኑ ኮምቦልቻ አልናገርም፣ ሥራቸውንም አልናገርም። የ16 ዓመት ልጃቸው ወንድ እንደሚወድ የሰሙት ከልጁ አፍ ሳይሆን ከሰፈር ወሬ ነው። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በእናት በኩል ሆኗል። "እራት ቀርቧል በይው"፣ "አልበላም በይው"። ሰውየው እኔን የፈለጉኝ "እንዴት ልቅጣው" ብለው አይደለም። "መምህር፣ ሰዎቹ ሳይቀድሙኝ ምን ብዬ ላናግረው?" ነው ያሉኝ። "ሰዎቹ" ያሉት እናንተን ነው።

ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ነሐሴ 2015 ላይ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መጀመሩን ገልጾ ሕዝቡ እንዲጠቁም ጠየቀ። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶና ስም እየተለጠፈ "ይገረፉ፣ ይገደሉ" ሲባል ነበር። ይህን ሁሉም ሰው በስልኩ አየ። ልጁም አይቷል።

"ሕጉ ይከለክላል" ትላላችሁ። አዎ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በእስራት ይቀጣል። የሚቀጣው ግን ድርጊትን ነው፤ በልብ ያለ ስሜትን የሚቀጣ አንቀጽ የለም። ለጎረቤት ዱላ ያስያዘ፣ የልጅ ፎቶ ለጥፍ ያለም አንቀጽ የለም። እንዲያውም ማስፈራራትና ስም ማጥፋት በዚሁ ሕግ ወንጀል ናቸው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃን የወላጆቹን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። "እንዲህ ዓይነቱ ሲቀር" የሚል አልጨመረበትም።

"ባህላችን አይፈቅድም" ትላላችሁ። እሺ፣ ባህላችን የሰው ገመና አደባባይ ማውጣትን መቼ ፈቀደ? እኛ ወሎ ውስጥ ያደግነው ክርስቲያኑም እስላሙም የጎረቤቱን ገመና ሲሸፍን እያየን ነው። የልጅ ስክሪንሹት ቴሌግራም ላይ መበተን የማን ባህል ነው?

"በሽታ ነው፣ ይታከም" የምትሉም አላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ1990 ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል። ጸበልም ሆነ ዱአ ሰው ወዶ ሲሄድበት ነው እንጂ ታስሮ ሲጎተት ምኑ እምነት ይሆናል?

"ያባረው" ላላችሁት ደግሞ፣ የተባረረ ልጅ የት እንደሚሄድ እኛ የዚህ አገር ሰዎች ጠፍቶን ነው? በባቲ አድርጎ ወደ አፋር፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕር። ስንቱን ተማሪ በዚህ መንገድ እንዳጣን አስተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ቤት የሌለው ልጅ ደግሞ የደላላና የደፋሪ ሲሳይ ነው። "ልጆቻችንን እንጠብቅ" የሚል ሰው ልጅ እንዴት ወደ ጎዳና ይገፋል?

ለሰውየው ያልኳቸውን እዚህም ልድገመው፤ በእሳቸው ቦታ ያለ አባት ሊያነበው ይችላል። "ጋሼ፣ ስለ ወሬው አይጠይቁት፤ አይመርምሩት። ስልኩን አይበርብሩ። አንድ ቀን ከደሴ ኮምቦልቻ ይዘውት ይውረዱ፤ ሐረጎን ስትወርዱ ጎን ለጎን ስለምትቀመጡ ዓይን ለዓይን መፋጠጥ የለም። ስለ ፈተናው፣ ስለ ኳሱ ያውሩት። ከዚያ አንድ ነገር ይንገሩት፦ 'ማንም ምንም ቢልህ፣ ማታ የምትገባው እኔ ቤት ነው። የሚያስፈራራህ ካለ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ።' በቃ። ባይመልስልዎትም ሰምቷል።"

እኚህ ሰው በ2014 ጦርነቱ ሲደርስብን የዚህን ልጅ እጅ ይዘው የሸሹ ናቸው። ያኔ ማንም "ለምን ታተርፈዋለህ" አላላቸውም። ልጁ ያው ልጅ ነው።

እምነታችሁን ተዉ አላልኩም። እሳቸውም አልተዉም፤ ተጨንቀው ይጸልያሉ። ግን ጸሎታቸው በር ቆልፎ አይደለም።

ኮሜንት ላይ የማንንም ልጅ ስም የሚጠራ ወይም ፎቶ የሚለጥፍ ካለ ወዲያው አጠፋዋለሁ። እኔን መስደብ የፈለገ ግን ይስደበኝ፣ አልነካውም። እኔ 16 ዓመቴ አይደለም።