ጨለማውን ሳይሆን መደርደሪያውን ፍሩ

ዛሬ የምጽፈው በቤቴ ሳሎን ስላለ አንድ የዲቪዲና የብሉሬይ መደርደሪያ ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ከታያችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ባለፈው ወር የቤት ለቤት ኅብረታችን ተራው የእኔ ነበር። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከጸሎቱ በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ በጣም የማከብራቸው አንድ ሽማግሌ ወደ መደርደሪያው ጠጋ ብለው ሽፋኖቹን ማየት ጀመሩ። ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው፣ ሽጉጥ የያዘች ሴት፣ ዝናብ የመታው መንገድ፣ ጥላ። "ልጄ፣ ይህ ሁሉ ግድያና ዝሙት በአማኝ ቤት ምን ይሠራል?" አሉኝ። ቀጥለውም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19ን አነሡልኝ፤ በኤፌሶን አስማተኞች የነበሩ ሰዎች መጽሐፎቻቸውን አምጥተው በሰው ሁሉ ፊት ያቃጠሉበትን ታሪክ። "አንተም እንደዚያ አድርግ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ አስብበታለሁ" አልኳቸው። አሰብኩበት። መልሴ ይኸውና፤ ግማሹ ለእርሳቸው፣ ግማሹ ደግሞ ለእኔና እንደ እኔ ለሚሰበስቡ ነው። ለእርሳቸው የምለው "ጋሼ፣ በዚህ ተሳስተዋል" ነው። ለእኛ የምለው ግን ከዚህ ይከብዳል።

ስለ ጨለማው

ፊልም ኖዋር የሚባሉት በአብዛኛው በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሆሊዉድ የተሠሩ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልሞች ናቸው። ፈረንሳዊው ሃያሲ ኒኖ ፍራንክ በ1946 በዚህ ስም ጠራቸው፤ ትርጉሙም "ጥቁር ፊልም" ማለት ነው። ጥቁር የተባሉት ግን ኃጢአትን ስለሚያወድሱ ነውን?

"ደብል ኢንደምኒቲ"ን እንውሰድ፤ ቢሊ ዋይልደር በ1944 የሠራው ነው። አንድ የኢንሹራንስ ሻጭ የደንበኛውን ሚስት ይመኛል። ባልዋን ገድለው በባቡር አደጋ የሞተ ያስመስሉታል፤ የአደጋ ሞት እጥፍ ያስከፍላልና። ፊልሙ የሚጀምረው ግን ከመጨረሻው ነው። ሰውየው ቆስሎ በሌሊት ወደ ቢሮው ይገባል፣ የድምፅ መቅጃውን ይከፍታል፣ ኃጢአቱንም ለሥራ ባልደረባው ይናዘዛል። ከዚያ በኋላ የምናየው ፍትወትና ገንዘብ ሁሉ በዚያ ኑዛዜ ጥላ ሥር ነው። ገና ከመጀመሪያው ደመወዙን አይተናል።

ወይም "ዲቱር"ን፤ ኤድጋር ኡልመር በ1945 በጥቂት ገንዘብ የሠራው፣ ከ70 ደቂቃ የማይበልጥ ፊልም ነው። አንድ ፒያኖ ተጫዋች መኪና እየለመነ ወደ ሎስ አንጀለስ ይሄዳል። የጫነው ሰው በመንገድ ይሞትበታል። የሟቹን ልብስ ይለብሳል፣ ገንዘቡን ይወስዳል፣ በስሙም ይጠራል፤ ከዚያም ነገር በነገር ላይ ሲደረብበት ዕድሉን ይከስሳል። ተመልካቹ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ራሱ ሲራመድ አይቶታል። አዳም በሔዋን ካሳበበ ጀምሮ ይህ ሰው ለእኛ እንግዳ ነውን? እኔ ራሴን አይቼበታለሁ።

"እነዚህ ፊልሞች ኃጢአተኛውን የሚቀጡት ሳንሱሩ ስላስገደዳቸው ነው" የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው። ከ1934 ጀምሮ ሆሊዉድ በጥብቅ የሚሠራበት የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው፤ ከጻፉትም አንዱ የካቶሊክ ቄስ ነበሩ። ወንጀል አዋጭ ሆኖ እንዲታይ ደንቡ አይፈቅድም ነበር። ነገር ግን ደንብ በመጨረሻው ትዕይንት ፖሊስ ማስገባት ይችል ይሆናል እንጂ፣ ከግድያው በኋላ በሚመጣው ጸጥታ የገዳዩን ፍርሃት መጻፍ አይችልም። ይህን የጻፉት ሰውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ደግሞስ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11ን በየትኛው መደርደሪያ ላይ ልናስቀምጠው ነው? ንጉሡ በሰገነቱ ላይ ሆኖ ያያል፣ ይመኛል፣ ይወስዳል። ከዚያም ባልየው የሞት ፍርዱን የያዘውን ደብዳቤ ራሱ ተሸክሞ እንዲሄድ ያደርጋል። ይህን የሚያህል ጨለማ በፊልሞቼ ውስጥ የለም። መጽሐፍ ቅዱስ አልሸፈነውም፤ ናታን መጥቶ ጣቱን እስኪቀስር ድረስ ተረከልን እንጂ።

የኤፌሶን መጽሐፎች ሰው ኃይል እንዲያገኝባቸው የሚያስተምሩ የአስማት መጽሐፎች ነበሩ። ኃጢአትን የሚያጋልጥ ታሪክና ኃጢአትን የሚያሠለጥን መጽሐፍ አንድ አይደሉም። ይልቅ በየቤታችን በየምሽቱ የሚታየውን የትርጉም ድራማ እዩት፤ ዝሙቱ በሚያምር መጋረጃና በሙዚቃ ተጠቅልሎ ይቀርባል፣ ማንም አይቀጣበትም፣ እናቶቻችንም ልጆቻቸውን አቅፈው ያዩታል። ስለዚያ ኤፌሶንን የሚጠቅስ ሽማግሌ አልሰማሁም። የምንፈራው ጨለማውን ነው ወይስ ኃጢአት ፊቱን ሳይሸፍን ሲመጣ ማየትን?

ስለ መደርደሪያው

እስከዚህ ያነበባችሁ ሰብሳቢዎች ደስ ሳይላችሁ አልቀረም። አሁን ተራው የእኛ ነው።

ሽማግሌው "አቃጥል" ባሉኝ ቅጽበት ወደ ልቤ የመጣው እስካሁን የጻፍኩት መልስ አልነበረም። ወደ ልቤ የመጣው ዋጋው ነበር። "ያ ሳጥን እኮ ከገበያ ጠፍቷል! ዛሬ ስንት ያወጣል!" አልኩ በልቤ። ሉቃስ የኤፌሶኑንም ዋጋ ጽፎልናል፤ 50,000 ብር ነበር። እነርሱም ተምነውታል፣ እኔም ተመንኩ። ልዩነታችን እነርሱ ዋጋውን አውቀው መልቀቃቸው ነው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ስኒ እያጠበች አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ "ለመሆኑ ስንቱን አይተኸዋል?" ቆጠርኩ። ከ143 ዲስኮች 61ዱ ገና ከነፕላስቲካቸው ናቸው። "አውት ኦፍ ዘ ፓስት" ብቻ ሁለት ጊዜ ተገዝቷል፤ አንዴ በዲቪዲ፣ አንዴ በብሉሬይ። ኃጢአትን ስለሚያጋልጡ ፊልሞች ስከራከር፣ ከሦስት እጅ አንድ እጅ የሚበልጡትን ከፍቼ እንኳ አላየሁም!

ነገሩ የሚጀምረው በቀላሉ ነው። ዎርነር በ2004 አምስት ክላሲክ ኖዋሮችን በአንድ ሳጥን አውጥቶ "አንደኛ ቅጽ" አለው። አንደኛ ያለው ሰው ሁለተኛን ይፈልጋል። ሁለተኛና አራተኛ ያለው ደግሞ በመካከል ባለው ክፍት ቦታ እንቅልፍ ያጣል። ከዚያ በኋላ የሚራበው ዓይን አይደለም፣ መደርደሪያው ነው፤ መደርደሪያ ደግሞ ጠግቦ አያውቅም።

የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ የቤት ኪራይ ጎድሎበት ደውሎልኝ ነበር። "ይህ ወር አይመቸኝም" አልኩት። በዚያው ሳምንት አዲስ ሳጥን በራፌ ላይ ደረሰ። ወንድሜ አላወቀም። እኔና ጌታ ግን እናውቃለን።

የሚገርመው፣ ፊልሞቹ ይህን ሁሉ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። "ዘ ማልቲዝ ፋልከን" (1941) የሰብሳቢ ታሪክ አይደለምን? ያ ወፍራም ሰው ለ17 ዓመት አንድ የወፍ ሐውልት ሲያሳድድ ኖሯል። በመጨረሻ እጁ ሲገባ በቢላዋ ይፍቀዋል፤ ውስጡ እርሳስ ነው። ከዚያ ምን አደረገ? ንስሐ ገባ? የለም፤ ጥቂት ተናዶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ለፍለጋው እንደገና ተነሣ። "ቱ ሌት ፎር ቲርስ" (1949) ላይ ደግሞ በባልና ሚስት መኪና ውስጥ በስሕተት 60,000 ዶላር የያዘ ቦርሳ ይወረወራል። ባል "ለፖሊስ እንስጥ" ይላል፤ ሚስት አለቅም ትላለች። አለመልቀቅ የት እንዳደረሳት ያየ ሰው አይረሳውም። እኔ አይቼው፣ አመስግኜው፣ ቦታው መልሼው፣ ሌላ አዘዝኩ።

"ባንሰበስባቸው እኮ ይጠፉ ነበር" የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። ግማሽ እውነት አለው። "ቱ ሌት ፎር ቲርስ" ለዓመታት በተበላሸ ቅጂ ብቻ ሲታይ ኖሮ፣ የዩ ሲ ኤል ኤ የፊልም ማኅደርና የፊልም ኖዋር ፋውንዴሽን አድሰውታል፤ የታደሰው ቅጂ በዲስክ የወጣውም ከዚያ በኋላ ነው። በኢንተርኔት የሚታይ ፊልም ዛሬ ኖሮ ነገ ሊወርድ ይችላል። ለእነዚህ ሠራተኞች አንድ ዲስክ መግዛት መልካም ነው። ነገር ግን ያልተከፈተው ስልሳ አንደኛው ዲስኬ ማንን አዳነ? ፊልምን የሚያድን ማኅደር ነው፤ እኔ የማድነው ኩራቴን ነው። ዲስኩም ቢሆን ያረጃል፣ ይበላሻል። ጌታ በማቴዎስ 6 ስለ ብልና ስለ ዝገት ያስተማረው ለባለ እህል ጎተራ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አላቃጠልኩም፤ ሽማግሌውንም በአክብሮት እንደማላቃጥል ነግሬያቸዋለሁ። ያላየሁትን እስካይ ድረስ ግን አዲስ አልገዛም። የተደገሙትንና የማልመለስባቸውን ለሰፈራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሰጥቻለሁ፤ ብርቅ የነበረውን ሳጥን ሸጬ ገንዘቡን ለወንድሜ ልኬለታለሁ። በወር አንድ ምሽት ደግሞ የኅብረታችን ወጣቶች መጥተው አንድ ፊልም አብረን እናያለን፣ ከዚያም እንወያያለን። የመጀመሪያው "ዲቱር" ነበር። "ሰውየው የት ላይ መመለስ ይችል ነበር?" ብዬ ብጠይቅ፣ ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። ጋሼም መጥተው ነበር። ከሁሉ በኋላ የተናገሩት እርሳቸው ናቸው፦ "በመጀመሪያው ማታ፣ ስልክ ደውሎ እውነቱን ቢናገር ኖሮ።"

ውድ አንባቢ፣ የአንተ መደርደሪያ የፊልም ላይሆን ይችላል። ጫማ ይሆናል፣ የሻይ ስኒ ይሆናል፣ ያልተነበበ መንፈሳዊ መጽሐፍም ይሆናል። ዛሬ ማታ በፊቱ ቁምና ቁጠረው። ከዚያም የትኛው ወንድምህ "አይመቸኝም" እንደተባለ አስብ።

ጌታ ዓይናችንን ያብራልን፣ እጃችንንም ይፍታልን። አሜን።