ለክፉ ቀን የተቀመጠች ጥይት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት የቤታቸውን ጣሪያ ሲያስቀይሩ፣ አናጢው ከቆጡ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውርዶ ሰጣቸው። ሲፈቱት ዐሥራ ሰባት ጥይት ሆኖ ተገኘ። ጠርተውኝ ሄድኩ። «ሲስተር፣ አማቴ ለክፉ ቀን ብለው ያስቀመጡት ነው። እንዴት እጥለዋለሁ?» አሉኝ። እሳቸው ይህን ሲሉ የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው አንዷን አንሥቶ በጥርሱ ይነክሳት ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ የእኚህን እናት ነገር አልናቅሁም። በአያቶቻችን ዘመን ጥይት ሀብት ነበር። የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ገበያ ላይ ይሠራ ነበር። ለአንድ ብር ስንት ጥይት እንደሚመጣም እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ይለያይ ነበር። በጣልያን ወረራ ዋዜማ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መሸጥ ሲከለክሉ፣ የራሷ ፋብሪካ ያላት ጣልያን ሳትጎዳ እኛ ተጎዳን። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ ትግሉን ከዚህ ከጎሬ ሆነው የመሩት ራስ እምሩ ነበሩ። ኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬም ተያዘች፤ በታኅሣሥ ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ሰጡ።

አያቴ ከዚያ በኋላ ዱር ከቀሩት አንዱ ነበሩ። ተኩሰው ቀለሁን ጎንበስ ብለው ሳያነሡ አይሄዱም ነበር። ቀለሁ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደገና ይተኮሳል። የተሞላችው ጥይት እንደ ፋብሪካዋ አትታመንም፤ አንዳንዴ ትከሽፋለች፣ አንዳንዴም ጠመንጃውን ታበላሻለች። አያቴ «ደህናዋን ለጠላት፣ የተሞላችውን ለአውሬ» እያሉ ለይተው ያስቀምጡ ነበር። ዝናሩ ባዶ ለሆነ ሰው ግን ያቺም ነፍስ ነበረች። ባዶ ቀለህ እንኳ አይጣልም፤ እናቴ ኩል ታስቀምጥበት ነበር።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሌላም እውነት አለ፤ እሱን ያየሁት በነጭ ጋውን ነው።

በ1980ዎቹ አንድ ምሽት ከገጠር የዐሥር ዓመት ልጅ በቃሬዛ አመጡልን። ከአያቱ ሣጥን ያገኛትን ጥይት ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ቀጥቅጧት ነበር። ሁለት ጣቶቹን አጣ፤ የቀኝ ዓይኑም አልተረፈም። ደሙን ለማቆም ብለው ቡና ስለነሰነሱበት ቁስሉን ለማጽዳት ብዙ ለፋን፤ ልጁም ያለ ልክ ተሠቃየ። አያቱ ደጅ ላይ ተቀምጠው «እኔው ነኝ ያስቀመጥኩለት» ይሉ ነበር። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

«ጥይት ያለ ጠመንጃ ምን ታደርጋለች?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ጠመንጃ ውስጥ ስትተኮስ ኃይሏ በአፈሙዙ ይወጣል። ምድጃ ውስጥ ስትገባ ወይም ስትቀጠቀጥ ግን ቀለሁ ራሱ ይቀደድና ፍንጣሪው ወደ ዓይንና ወደ እጅ ይበራል። በእጅ የተሞላችው ደግሞ የባሩዱ ልክ ስለማይታወቅ የባሰች ናት። ዝጋለች ብላችሁ አትዘናጉ። እርሳሱም የልጅን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ አፍ ውስጥ መግባት የለበትም፤ በማድቤት ምድጃም አይቀለጥም።

አደጋ ከደረሰ የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ቡናም፣ ቅጠልም፣ የጥርስ ሳሙናም አታድርጉበት። ዓይን ውስጥ የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉ፣ ዓይኑንም አትጫኑ፤ በላዩ ንጹሕ ስኒ ደፍታችሁ፣ ስኒው የተሰካውን ሳይነካ በጨርቅ አስራችሁ ፈጥናችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። የቁስሉ ትንሽነት አያታላችሁ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ እንደሚያስፈልገው ጠይቁ።

ቤታችሁ ውስጥ ካለስ? ልጆቹን አርቁ። አትቀጥቅጡ፣ እሳት ውስጥ አትጣሉ፣ ሽንት ቤት ወይም ወንዝ አትክተቱ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ተኩስም አትስጡ። ራሳችሁ ተሸክማችሁ ከመሄድ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ተናግራችሁ መጥተው ይውሰዱት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝን ይከለክላል።

ጎረቤቴ እያለቀሱ አስረከቡ። ማታ የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው የአማታቸውን ታሪክ ነገሩት። ጥይቶቹ ሄዱ፤ ታሪኩ ለልጁ ቀረለት። እናንተም ዛሬ ማታ ቆጡንና ሣጥኑን አንዴ ፈትሹልኝ።