ፔርሙሱ ያለፈበት ባሕር

መርካቶ ውስጥ ስለ ባሕር የሚወራው ዕቃ ሲዘገይ ነው። «መርከቡ ገና ነው»፣ «ጅቡቲ ገብቷል»፣ «ሞጆ ደርሷል፣ ትራንዚተሩን እየጠበቅን ነው»፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ትዝ የሚለው የለም። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የባሕር በር ጉዳይ ከሻይ ቤት እስከ ፓርላማ መነጋገሪያ ስለሆነ ሁላችንም የወደብ ኪራይ አዋቂ ሆነናል። ከውሃው ሥር ስላለው ነገር ሲነሳ ግን አልሰማሁም። እኔ ላንሳው፤ እጃችን አለበትና።

አንድ ፔርሙስ እንውሰድ። ያ ባለ አበባው፣ ሰፊ አፍ ያለው፣ ካርቶኑ ላይ የተሰነጠቀ ብርጭቆ ምልክት የታተመበት፣ ጫኝና አውራጆች በጀርባቸው አሥር አሥሩን እያዘሉ ጎጃም በረንዳ የሚያወርዱት ዓይነት። ከጓንጁ ተጭኖ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያቋርጠው የደቡብ ቻይና ባሕርን ነው። እዚያ ስፕራትሊ በሚባሉት ሪፎች ላይ ቻይና ከ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ አሸዋ እየከመረች 13 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ አዲስ መሬት ፈጥራለች። ፋየሪ ክሮስ የሚባለው ሪፍ ዛሬ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ አለው። ፊሊፒንስ ባቀረበችው ክስ ሄግ ላይ የተቀመጠው የግልግል ችሎት በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ሥራው በኮራል ሪፎቹ ላይ ከባድ ጉዳት ማድረሱን ወሰነ። ቻይና ውሳኔውን አልቀበልም አለች፤ መሬቱም እዚያው አለ።

ጉዳቱ ምን እንደሆነ ለመረዳት ኮራል ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠይቃል። ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጣት ጫፍ እንኳ የማትሞላ፣ ለስላሳ አካል ያላት ፍጥረት ናት፤ ከሥሯ የኖራ ድንጋይ ቤት እየሠራች፣ ከሚሊዮን መሰሎቿ ጋር ተያይዛ ሪፍ ትሆናለች። ቀለቧን በአብዛኛው የምታገኘው በሥጋዋ ውስጥ ከሚኖር ደቃቅ አልጌ ነው፤ አልጌው ደግሞ ያለ ፀሐይ ብርሃን አይሠራም። ደሴት ለመሥራት አሸዋ መጣጭ መርከብ ይመጣና የባሕሩን ወለል እየጋጠ አሸዋውን በቧንቧ ይተፋዋል። አሸዋው ያረፈበት ሪፍ ተቀበረ ማለት ነው። ይህ በዓይን የሚታየው ነው። ከእሱ የሚብሰው ከአሸዋው ጋር የሚነሳው ደለል ይመስለኛል፤ ውሃውን አደፍርሶ ይሰነብታል፣ ሞገድ እየወሰደው ሥራው ካልደረሰበት ሪፍ ላይ ያርፋል፣ ብርሃኑን ይጋርዳል። ኮራሏ የወደቀባትን ደለል በዝልግልግ ፈሳሿ እየጠረገች አቅሟን ትጨርሳለች። ከዚያ በኋላ መልሶ ማብቀሉ የሰው ዕድሜ የሚበቃው ጉዳይ አይደለም። ድቡልቡሉ የኮራል ዓይነት በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው የሚያድገው፤ የሰው ቁመት የሚያህለው አዲስ አበባን በዕድሜ ይበልጣታል።

ፔርሙሱ የሕንድ ውቅያኖስን ሲሻገር ማልዲቭስ በመንገዱ አለች። እዚያ ሁልሁማሌ የሚባለውን ደሴት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሪፍ ላይ አሸዋ በመሙላት ሠርተውታል። በማልዲቭስ ላይ ለመፍረድ አንደበቴ አይደፍርም፤ መሬት የላቸውም፣ ባሕሩም እየጨመረባቸው ነው። ግን ጤነኛ ሪፍ የማዕበልን ጉልበት በአማካይ 97 በመቶ ያህል ይሰብራል። ዋና ከተማዋ ማሌ በ1987 እ.ኤ.አ. በማዕበል ከተመታች በኋላ በጃፓን ገንዘብ የኮንክሪት ግንብ ነው የታጠረችው። በነፃ የቆመውን አጥር በብር መተካት ይሉታል ይህ ነው።

ከዚያ የዱባዩ ወደብ ጀበል አሊ። መርካቶ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚያከፋፍሉ አንድ የማውቃቸው ሐጂ አሉ፤ ይህን ሳወራላቸው ከካልኩሌተራቸው ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ዱባይ በተመላለስኩ ቁጥር ያቺን ዘንባባ ከአውሮፕላን መስኮት እያየሁ አላህ ለሰው የሰጠውን ብልሃት ሳደንቅ ነው የኖርኩት። አሁን ከሥሯ ምን ነበር ልትለኝ ነው?» አሉኝ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ያዩዋት እንኳ ሰው ገብቶባታል፤ እህቷን ነው ማየት።»

ሐጂ የሚያውቋት፣ በዘንባባ ቅርጽ የተሠራችው ደሴት ፓልም ጁሜይራ በ2001 እ.ኤ.አ. ተጀምራ 94 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ፈጅታለች። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ቢሰላ ወደ ስድስት ሚሊዮን ምልልስ ነው። የሚገርመው አገሩ በሙሉ አሸዋ ሆኖ ሳለ የበረሃው አሸዋ አለመጥቀሙ ነው፤ ነፋስ አሽቶ ስላሞለሞለው አይያያዝም፤ ስለዚህ የባሕሩ ወለል ተጋጠ። ማዕበል እንዲከላከል በዙሪያዋ የተገነባው 11 ኪሎ ሜትር ግንብም ውሃውን አላዘዋውር ብሎ ስላቆረው በኋላ ክፍተት ማበጀት ግድ ሆነ። እህቷ ፓልም ጀበል አሊ ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረችው ኮራል በሞላበት ዳርቻ ላይ ነው። ሪፉ ተቀበረ። የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣና ሥራው ቆመ፤ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ ቤት ያልተሠራበት ባዶ አሸዋ ሆና ኖረች። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ሪፉም የለ፣ ቤቱም የለ። እርግጥ በግንቦቹ ድንጋይ ላይ ከጊዜ በኋላ ኮራልና ዓሣ መስፈራቸውን አጥኚዎች ጽፈዋል፤ አልሚዎቹም ይህንኑ ይጠቅሳሉ። ሆኖም እዚያ የሰፈረው የቀድሞው ዓይነት አይደለም።

እስካሁን የሰው አገር ነበር። ጅቡቲ ስንደርስ ግን የእኛ ነው። ፈረንሳዮች በ1888 እ.ኤ.አ. የቆረቆሩት ከተማ ራሱ በጥንታዊ ኮራል አምባዎች ላይ ያረፈ ነው፤ ሔሮን፣ ማራቡና ሰርፓን የሚባሉት አምባዎች በሙሌት መንገድ ተገናኝተው ነው ወደብና ከተማ የሆኑት። የእኛ ጭነት በብዛት በአሰብ ይገባ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲፈነዳ አገር ምድሩ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያ ነው። ዶራሌ ላይ በ2009 እ.ኤ.አ. የኮንቴይነር ተርሚናል፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለገብ ወደብ ሲከፈት ዳርቻው ተቆፍሮና ተሞልቶ ነው። ያ ሁሉ ክሬን የቆመው አንድ ሚሊዮን ለሚሆነው ለጅቡቲ ሕዝብ ፔርሙስ አይደለም። ከወደቡ ማዶ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች ሪፎች አሉ፤ ሙሻ በ1972፣ ማስካሊ በ1980 እ.ኤ.አ. ጥብቅ ቦታ ተብለዋል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤም በየዓመቱ ከኅዳር እስከ ጥር ግድም ዓሣ ነባሪ የሚያህለው ሻርክ ይሰበሰባል። ጅቡቲን ለመውቀስ አይደለም፤ የምትሸጠው ወደብ ነው፣ ገዢዋ እኛ ነን።

«ታዲያ ወደቡ ይቅር?» አሉ ሐጂ። «ኮንቴይነሩን በምን ላምጣው፣ በግመል?»

አይቅር። ግን ወደብ ሲሠራ አማራጭ አለ። ከሪፍ ይልቅ ከመጀመሪያውም ወለሉ አሸዋ የሆነ ዳርቻ ይመረጣል። ባሕሩን ከመሙላት ይልቅ የመርከብ ማቆሚያውን በምሰሶ ላይ ማንጠልጠል ይቻላል፤ ሥሩ ውሃ እንደተዘዋወረ ይቀራል። ቁፋሮው በጨርቅ መጋረጃ ይከበባል፣ ኮራሎቹ በሚባዙበት ወቅት ይቆማል። ይህ ሁሉ ዛሬ የሚታወቅ የምህንድስና ሥራ ነው፤ ገንዘብ ግን ይፈጃል፣ የሚፈጀውን ደግሞ ተጠቃሚው ካልጠየቀው ማንም አይከፍለውም።

ባሕር አዲሳችን አይደለም። ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል መለዮ የለበሱ፣ ዛሬ ጡረተኛ የሆኑ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ፤ የከተማዋ አሮጌ ቤቶች ከኮራል ድንጋይ ተፈልጠው የተሠሩ ናቸው፤ የምፅዋንና የጥዋለትን ደሴቶች ከየብስ ጋር ያያያዘውም በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ምፅዋን ለግብጽ ያስተዳድር በነበረው በሙንዚንገር ዘመን የተሠራው ሙሌት ነው። ያኔ ጠያቂ አልነበረም፤ ለመጠየቅ የሚያበቃ እውቀትም አልነበረም።

አሁን አለ። ስለ ባሕር በር በሚደረገው ድርድር ዲፕሎማቱ፣ ጄኔራሉ፣ የሎጂስቲክስ ሰውና የሕግ ባለሙያ መቀመጣቸው አይቀርም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሐይቅና በዓሣ ጥናት የሸበቱ ምሁራን አሉን፤ ለእነሱም አንድ ወንበር ይጨመር። ነገ በኪራይም ሆነ በድርሻ የምንገባበት ወደብ ሲሰፋ የት ሊሞላ ነው፣ ከሥሩ ምን አለ የሚለው ውሉ ላይ ይግባ። ሐጂ ጉዳዩን ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በኮንቴይነር ስንት ይጨምራል?» ለቆመ ኮንቴይነር በዶላር ሲቀጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቁጥሩ ቢነገራቸው አይደነግጡም። አስልቶ የሚነግራቸው ነው የጠፋው።